«እሷ ናት» ያልኩ ዕለት

እኔ ሸማኔ ነኝ። የጥጥ እንዳይመስላችሁ፤ የበግ ጠጉር ነው የምሠራው። የመንዝ ብርድ የዋዛ አይደለም፤ ያለ ባና የሚያድር ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ የጨነቀው። ባና የምንለው ያን ወፍራሙን የጠጉር ልብስ ነው፤ ቀን እንለብሰዋለን፣ ማታ እንደርበዋለን፣ ዝናብ ሲመጣ ራሳችን ላይ እንጥለዋለን። ስለ ባና ብትጠይቁኝ ሳወራ እውላለሁ። ስለ እውነት ግን ሸማኔ ምን አግብቶት ይጽፋል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ይበል። እኔ ግን በዚህ ነገር አንዴ ክፉኛ ስለተቃጠልኩ ያገባኛል።

በቀበሌያችን የምታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በባናዬና በምላሴ። የመጣልኝን አልውጥም። ሰው ድንበር ሲጋፋም፣ በግ ሲጠፋም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉም «እሱን ጥሩት፣ እሱ አይዋሽም» ይባል ነበር። እውነትም አልዋሽም። ደግሞ አለመዋሸቴን ጠላ ቤት ሳይቀር እናገር ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሰው ፊት የሰው ጉድ ስዘረግፍ ደስ ይለኝ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ጠጉር እያበጠረች «አንተ እኮ እውነትን የምትይዛት እንደ ዱላ ነው» አለችኝ። ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ድር ነው። ከቤታችን በላይ፣ ከትንሿ ጅረት ማዶ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት እኩያዬ ትኖራለች። እንደ እሷ ያለ ፈታይ አላየሁም፤ እንዝርት ስታሾር ክሩ ከእጇ ሳይሆን ከአየር የሚመጣ ነው የሚመስለው። ስምምነታችን ቀላል ነበር። እሷ ፈትላ ታመጣለች፣ እኔ ከአንድ ድር ሁለት ባና አወጣለሁ፣ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእኛ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዱን ድር ስዘረጋ ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ዓይኔ ያለቅስ ነበር። ከነጩ ጠርዝ መሐል አንዲት ቡናማ ክር ገባችብኝ። ያየኋት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ለጎረቤቴ ባናዋን ሳስረክብ ጠርዙን አሳይቼ «ይኸውልሽ፣ አንዷ አመለጠችኝ» አልኳት። «ተወው፣ ምልክት ይሆነኛል» ብላ ሳቀች። በኋላ ጉድ ያፈላችው ይህች ምልክት ናት።

የምሸምንበት ጎጆ ከቤታችን ጓሮ ነው። ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል፤ ጎጆዋ ግን እስከ ዛሬ የሣር ክዳን ናት። በዚያው ዓመት የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያዋ ያፈስ ጀመር። ጠብ ጠብ እያለ ድሩ ላይ፣ የታጠበው ጠጉር ላይ፣ አንገቴ ላይ። እኔ ደግሞ ጣሪያ ላይ ከምወጣ ሚስቴ ላይ መጮህ የሚቀለኝ ሰው ነኝ። «ቤት አለኝ ብዬ! ሚስት አለችኝ ብዬ! ጠጉሩ ሊበሰብስ ነው፣ አንቺ ምን ቸገረሽ!» እያልኩ አንድ ሁለት ሳምንት ጨቀጨቅኋት። ከዚያ አንድ ቀን ማፍሰሱ ቆመ። ከውስጥ በኩል፣ ከጠቆረው አሮጌ ክዳን ሥር፣ አዲስ የጓሳ ሣር ጠቅጥቃ ሽንቁሩን ሁሉ ደፍናዋለች። «ከየት አመጣሽው?» አልኳት። «ከሞላሌ ገበያ» አለች። «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

እዚህ ላይ የጓሳን ነገር ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጓሳ ከሰፈራችን በላይ ያለው ደጋ ነው፤ ሣሩም ስሙ ጓሳ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ያ መሬት የአንድ ሰው አይደለም፣ የሁላችን ነው፤ የሁላችን ስለሆነም ሕግ አለው። ሲዘጋ ተዘጋ ነው። ዓመታት ቆይቶ ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ቀን ይቆርጣሉ፣ ያን ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ያጭዳል። ከዚያ ቀን በፊት አንዲት ነዶ ያጨደ ሰው ከጎረቤቱ ጣሪያ ላይ እንደነቀለ ይቆጠራል። እንግዲህ ጓሳ ተዘግቶ ሳለ ትኩስ የጓሳ ሣር ሞላሌ ገበያ ላይ ከየት ይመጣል? ይህን አልጠየቅሁም። እውነት ወዳድ ነኝ ባዩ ሰውዬ፣ ራሴ ላይ እስካላፈሰሰ ድረስ እውነቱን ማወቅ አልፈለግሁም።

ጓሳ ሊከፈት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ጠባቂው ጠዋት በጉም ውስጥ ሣር የተሸከመ ሰው ጀርባ አየ። ፈረሱን ኮልኩሎ ሲደርስ ሰው የለም። የታጨደ ሣርና፣ ሣሩን ሊያስሩበት መሬት ላይ ያነጠፉት አንድ ባና ብቻ። ባናውን ይዞ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ፤ ስልኩም ተደወለ፣ ሰውም ተጠራ፣ አውጫጭኝ ተቀመጥን።

አውጫጭኝ ማለት አገር ምድሩ ተሰብስቦ፣ አንድ በአንድ እየተነሣ፣ ያየውንና የሰማውን የሚናገርበት ሸንጎ ነው። እኛ ዘንድ የሚቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው መስክ ላይ ነው። የብዙዎቻችን የነፍስ አባት የሆኑት ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ሰዉ መስቀል እየተሳለመ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ ያልፋል። ተራዬ ደረሰ። ባናው ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። ገና ጠርዙን ሳየው ልቤ ዘለለ፤ አልዋሻችሁም፣ በደስታ ነው የዘለለው። ቡናማዋ ክር ቁጭ ብላለች።

«ይህ የእጄ ሥራ ነው» አልኩ። «የሠራሁትም ለእሷ ነው።» ወደ ጎረቤቴ ዞርኩና ጣቴን ቀሰርኩ። «እሷ ናት።»

ሰዉ አጉረመረመ። ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያየኸው ባናውን ነው ወይስ ሰውን?» አሉኝ።

«አባ፣ ባናው እግር አውጥቶ ጓሳ አይወጣ!» አልኳቸው።

ሰው ሳቀ። እኔም በሳቁ ሞቀኝ። ጎረቤቴ ተነሣች። «ባናው የእኔን ይመስላል። የእኔ ግን አይደለም። የእኔን በጥር ወር በደጄ ላለፈች አንዲት መንገደኛ መነኩሲት ሰጥቻታለሁ፤ በርዷት ነበር» አለች። «መነኩሲቷ የማን ደብር ናት?» ተባለች። «አልጠየቅኋትም።» «ስሟስ?» «እሱንም አልጠየቅኋትም። ስም ጠይቄ ነው እንዴ የምሰጠው?» አሁንም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ያቺ መነኩሲት የተፈለገች ዕለት የተፈጠረች ነበር የመሰለችን።

ተፈረደባት። ጓሳ ሲከፈት ድርሻዋን እንዳታገኝ፤ ጥፋቷን አምና ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስም እሳት እንዳይጫርላት፣ ደቦም እንዳይወጣላት። ለሌላ ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል። የእሷ ቤት ግን ያለ ቆርቆሮ ከቀሩት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው፣ ክዳኑም ያን ጊዜ አልቆለት ነበር፤ ከውስጥ ሆኖ ሰማይ ይታያል። ጓሳ እስኪከፈት ነበር ቀን የምትቆጥረው። ያለ ሣርና ያለ ደቦ ክረምቱ ከገባ ቤቱ ራሷ ላይ ነው የሚወርደው።

ባለቤቴ ያን ቀን ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ነኝ መንገዱን ሁሉ ያወራሁት።

ከሳምንት በኋላ ጎረቤቴን ከጅረቱ ዳር አገኘኋት፤ ጀሪካኗን ስትሞላ። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ አየሁና ጠጋ አልኩ። አንጀቴ አልቻለም፤ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል። «አንቺ ሴትዮ፣ አጠፋሁ በይና ተገላገይ። ማንም አይጨክንብሽም። አንድ ቃል ነው፤ ነገውኑ ድርሻሽን ይመልሱልሻል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ ቤቴን ከምከድን ዝናቡ ይግባ» አለችኝ።

«ግትር!» ብያት ሄድኩ። ሽቅብ ስወጣ እየተነጫነጭኩ ነበር። ምነው ሸዋ! እንዲህ ያለች ልበ ደረቅ አለች? አልኩ። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ በቀበሌው ውስጥ ስለ እውነት ዋጋ የሚከፍል ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔም በነፃ የምናገረው ሰውዬ ተቆጥቼ እያለፍኳት ነበር።

ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነች። እህል እምቢ አላት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን፤ እኔ እገባለሁ፣ እሷ ግን ከደጀ ሰላሙ ትቀራለች። እኛ ዘንድ ሰው ሰውነቱ ሳይፈቅድለት ሲቀር ወይም ልቡ ሲከሰው ከውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። አመማት መሰለኝ። «ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳት። «የጤና ጣቢያ አይደለም» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ሌላ አልጠየቅሁም።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከድሩ ፊት ቁጭ ብዬ መወርወሪያዬን ስወረውር መጥታ የጎጆው ደፍ ላይ ቆመች።

«ቀና በል» አለችኝ።

«ምን አለ?»

«ጣሪያውን እየው።»

አየሁት። ከጥቁሩ ክዳን መሐል ወርቃማው ሣር ገና አልጠወለገም። «አሳምረሽዋል፣ ምን ሆነ?» አልኩ።

«ከሞላሌ አይደለም» አለች። «ከጓሳ ነው። ሁለት ጊዜ ወጣሁ። በሁለተኛው የፈረስ ኮቴ ሰማሁና የያዝኩትን ያህል ይዤ ሮጥኩ። ባናው ቀረ።»

ክው አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ግን ሣሩ አልነበረም፤ ባናው ነው። «ባናው የእሷ ነው! ክሯን በዓይኔ አይቻታለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ባለቤቴ እንደ ዕብድ አየችኝ። «ያቺ ክር የገባችው ማጉ ላይ ነው ድሩ ላይ?» አለችኝ።

ሽመና የማያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ምን እንዳደረገኝ አይገባውም። ማግ የሚወረወረው ነው፣ ወዲያ ወዲህ የሚለው፤ እዚያ ላይ የገባ ስህተት እዚያው ባለበት ይቀራል። ድር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄደው ነው። ድር ላይ የሳትከው ክር ጨርቁ እስኪያልቅ አይለቅህም። ከአንድ ድር ሁለት ባና ካወጣህ ሁለቱም ላይ አለች። ይህን ገና የሽመና ሀ ሁ ስቆጥር ነው ያወቅሁት። የእጄን ሥራ አላጣውም ብዬ የተኩራራሁ ሰው፣ የገዛ ቤቴን ባና በጎረቤቴ ላይ መሰከርኩበት። ባናው አልጋችን ላይ አለመኖሩን እንኳ ልብ አላልኩም።

መወርወሪያዬን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸ ነው። «እንዴት አደረግሽው?» አላልኳትም። «ምስኪኗን ምን አደረግናት?» አላልኩም። «ለማን ተናገርሽ?» ነው ያልኳት።

«ለአባ ነግሬያቸዋለሁ» አለች። «‹ኃጢአቱን እግዚአብሔር ይፈታሻል፤ የሰው ስም ግን የወደቀው አደባባይ ላይ ስለሆነ የሚነሣውም እዚያው ነው› አሉኝ።»

ያን ጊዜ እኔ እውነተኛው፣ እኔ አይዋሽም የሚባለው፣ መሸፈኛ ፍለጋ ምላሴ እንዴት እንደተፈታ ብታዩ! «የቤት ገመና በአደባባይ አይሰጣም። ትንሽ ይቆይ። ጓሳ ይከፈት፣ ድርሻችንን እናጭድና ማታ ማታ በጓሯ እናስቀምጥላታለን። ቤቷ ተከደነ፣ የእኛም ስም ዳነ። ማን ያውቃል?»

«እሷ ታውቃለች» አለች ባለቤቴ። «እኔ አውቃለሁ። አሁን አንተም አወቅህ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ? እዚያው ብትናገሪ ኖሮ!»

«ልነሣ ነበር» አለች። እንባዋ መጣ። «አንተን አየሁህ። በጣም ደስ ብሎህ ነበር።»

ይህን ያለችኝ ለመውጋት አልነበረም። የሆነውን ነው የነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ እንደዚህች ቃል የገባችብኝ የለችም። ቁጭ አልኩ። እሷም ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና «ሽማግሌዎቹ ፊት ምን ነበር ያልከው?» አለችኝ።

«እሷ ናት።»

«ሁለት ቃል ናት» አለች። «የእኔም ሁለት ቃል ናት። ነገ እላታለሁ።»

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ከቅጥሩ ጥድ ሥር እንደ ተቀመጠ፣ ቄሱ ትምህርታቸውን ከመጀመራቸው በፊት ባለቤቴ ከደጀ ሰላሙ ገብታ በሰው መሐል አልፋ ከፊት ቆመች። ትንሽ ሴት ናት። ያን ቀን ደግሞ ይበልጥ አንሳ ታየችኝ። መስቀሉን ተሳለመችና ዞራ ሕዝቡን አየች።

«ጓሳውን ያጨድኩት እኔ ነኝ» አለች። «ባናውም የእኔ ነው። እሷ የለችበትም። እሷ ያለችው ሁሉ እውነት ነው።»

በቃ። ይኸው ነው። ባሌ ጨቀጨቀኝ አላለችም፤ ብትል እኮ እውነት ነበር! ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጨነቀኝ፣ ሌላም ያጭዳል፣ አንዱንም አላለችም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ሲማል፣ ሲገዘት፣ ደረት ሲመታ አይቻለሁ። እንዲያ ያለ ጥርት ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ንጋቱስ በራሱ ይጠራል፤ እውነት ግን ያን ቀን የጠራው አንዲት ሴት ስለተነሣች ነው።

ጎረቤቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። በማስረጃነት የተያዘው ባና በአንዱ ሽማግሌ እጅ ነበር፤ ሄዳ ተቀበለቻቸውና ዘርግታ አየችው። «ይሄማ የእኔ አይደለም ብያችሁ ነበር» አለች። ከዚያ ባለቤቴ ትከሻ ላይ ጣለችው። «ልበሽው። ነፋሱ ብርድ አለው» አለቻት። ሁለቱ ተቃቅፈው ማልቀስ ሲጀምሩ አሮጊቶቹ እልል አሉ።

ቄሱ እልልታው እስኪበርድ ቆዩና «ሌላ የሚናገር አለ?» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። ባያዩኝም ለእኔ እንደሆነ ገብቶኛል። መሬቱን አየሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ አንተ ምን ታውቃለህ፤ ተታልለህ ነው» አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሦስት ቀን ሥራ አልሠራሁም። በአራተኛው ቀን ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። ገብሳቸውን እያረሙ አገኘኋቸው። «አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ምን ልፍታህ?»

«እኔ እኮ አልዋሸሁም፤ ተሳሳትኩ እንጂ» ብዬ ጀመርኩ።

አረሙን ጣል አደረጉና ሳቁብኝ። «አዳምም አልዋሸም» አሉኝ። «‹ለምን በላህ?› ሲባል ‹እሷ ናት የሰጠችኝ› አለ። ሐሰት ነው? ሰጥታዋለች እኮ! ግን እዚያ ገነት ውስጥ ከዚያ ቃል የባሰ ውሸት አልተነገረም። ጣት መቀሰር የከሳሽ ሥራ ነው፤ ከሳሽ ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ጌታችንን ተመልከት። ሊይዙት በዱላና በችቦ ሲመጡ ወደ ደቀ መዛሙርቱ ጣቱን አልቀሰረም። ‹እኔ ነኝ› ነው ያላቸው። እውነት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ገዢም መልሱ ፊቱ ቆሞለት ጥሎት ወጣ። እንደ ዕቃ በእጁ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነበር። እውነት ግን ሰው ሆኖ ነው የመጣው፤ ሰውም ሆኖ ነው የቆመው። ሚስትህ ያንን አይታ ነው የቆመችው።»

«እኔስ ምን ላድርግ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ስለ እውነትማ አንተ ነህ የምታውቀው!» አሉኝና ወደ አረማቸው ተመለሱ። ሽማግሌ ናቸው ብዬ እንጂ ተናድጄ ነበር።

ጓሳ ተከፈተ። ጎረቤቴ ድርሻዋ ተመለሰላት። የእኛ ድርሻ ተነጠቀ፤ ይገባናል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከጎጆዬ ጣሪያ የተሰረቀው ሣር ተነቅሎ ለእሷ ቤት እንዲሆን ፈረዱ። ባለቤቴ «እኔ እወስደዋለሁ» አለች። «አንቺ የድርሻሽን ተሸክመሻል» አልኳት። የተቆጣኋት መሰላት፤ ግን አልነበረም። የጎረቤቴ ቤት በሚከደንበት ቀን በማለዳ ተነሥታ ለደቦው እህል ልታሰናዳ ቀድማኝ ሄደች፤ ባናዋን ለብሳ።

ሣሩን ከጣሪያው እየመዘዝኩ ሳወርድ ጎጆዬ እንደ ወንፊት ሆነች። አሰርኩት። ጅረቱን ተሻግሬ ሽቅብ ወጣሁ። የጓሳ ሣር ተሸክማችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከራስ በላይ አልፎ በፊት ይንዠረገጋል፣ የተሸካሚው ፊት አይታይም፣ ከታች ሁለት እግር ብቻ ነው። ደቦው ደምቋል። ጎልማሶቹ ጣሪያው ላይ ናቸው፣ ሴቶቹ ነዶ ያቀብላሉ፣ ሰው ይጫወታል፣ ያዜማል። በሣሩ መሐል የሴቶቹን እግር አያለሁ፤ የባለቤቴን ጫማ አየሁ። ጎረቤቴ ከደጇ ላይ ነበረች።

«ማነው እሱ?» አለች።

በየቀኑ ስንት ጊዜ እንባላለን ይህን? በር ስናንኳኳ፣ በስልክ፣ በጨለማ መንገድ ላይ። በየቀኑም ሳናስበው እንመልሳለን።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ማን?»

ዜማው ጣሪያው ላይ ቆመ። ሸክሙ ከብዶኝ ነበር፤ ግን ሳልናገር ባወርደው ፊቴ ይታያል፣ ፊቴ ከታየ ደግሞ እንደ ልማዴ ቀልጄ አልፋለሁ ብዬ ፈራሁ። «ባና አይቼ ሰው አየሁ ያልኩት» አልኩ ከሣሩ ውስጥ። «አባ ሲጠይቁኝ ባንቺ ሰው ያሳቅሁብሽ። የቤቴን ባና ያላወቅሁት። ጣሪያ አፈሰሰ ብዬ ሚስቴን ጨቅጭቄ ጓሳ የሰደድኳት። ማንም አላታለለኝም። እኔ ነኝ።»

ያቺ መነኩሲት እስከ ዛሬ አልተገኘችም። አንድም ምስክር የላትም፣ አንድም ማስረጃ የላትም። እኔ ግን ያን ቀን ከዚያ ሣር ሥር ቆሜ፣ ጥር ወር ላይ በዚህ ደጅ ስታልፍ በዓይኔ ያየኋት ያህል አመንኳት፤ ያመንኩትም የሰጠቻትን ሴት ስለማውቃት ነው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ተሸክመህ እዚያ ምን ትገተራለህ?» አለች ጎረቤቴ። ድምፅዋ ውስጥ ያቺ የድሮዋ ሳቅ ነበረች። «አውርደው እንጂ!»

ላወርደው ብል ገመዱ ደረቴ ላይ ከሮ አልላቀቅ አለኝ። የባለቤቴ ጫማ ሲቀርብ አየሁ፤ ከኋላዬ ዞረችና ፈታችው።